ሴቶች በቴክኖሎጂ ዘርፍ፦ ከአንኮበር እስከ ደብረ ብርሃን የሚታየው ክፍተት

ደብረ ብርሃን፦ የመንግሥት አገልግሎት ከመዝገብና ከካርቦን ወረቀት ወጥቶ ወደ ኮምፒዩተርና ወደ እጅ ስልክ በመሸጋገር ላይ ይገኛል። በ2012 ዓ.ም የጸደቀው የዲጂታል ኢትዮጵያ 2025 ስትራቴጂ፣ በ2013 ዓ.ም ሥራ የጀመረው ቴሌብር እና በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተደነገገው የዲጂታል መታወቂያ ሦስቱም እስከ ወረዳና ቀበሌ የሚዘልቁ ናቸው። ይሁንና አገልግሎቱን ለማግኘት ከሚሰለፉት ዜጎች መካከል ግማሽ ያህሉ ሴቶች ሲሆኑ፣ አገልግሎቱን ከሚያቅዱት፣ ከሚዘረጉትና ሲበላሽ ከሚጠግኑት ባለሙያዎች መካከል ግን ሴቶች ጥቂት ናቸው። ክፍተቱ በሰሜን ሸዋ ዞን ብቻ የሚታይ አይደለም፤ ነገር ግን የአንኮበር ገጠርና የደብረ ብርሃን ኢንዱስትሪ በ40 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት የሚገናኙበት ይህ ዞን ችግሩ የት ላይ እንደሚጀምርና የት ላይ እንደሚሰፋ በግልጽ ያሳያል።

ጉዳዩ የቁጥር ተዋፅኦ ከማሟላት ያለፈ ነው። ለአብነት የማረጋገጫ ቁጥር በአጭር መልዕክት የሚልክ ማንኛውም አሠራር አንድ ሰው አንድ ስልክ አለው ከሚል ግምት ይነሳል። እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ግን ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆነ ሴቶች የራሳቸው ተንቀሳቃሽ ስልክ የነበራቸው 27 በመቶ ብቻ መሆናቸውን፣ ከወንዶች ደግሞ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የስልክ ባለቤት እንደነበሩ አመልክቷል። ከዚያ ወዲህ የስልክ ተጠቃሚው ቁጥር በእጅጉ ጨምሯል፤ ሆኖም ቤት ውስጥ አንድ ስልክ ባለበት ሁሉ ስልኩ በማን ኪስ እንደሚውል ለመገመት አያዳግትም። የሚስት የማረጋገጫ ቁጥር በባል ስልክ ላይ የሚደርስ ከሆነ፣ በስሟ የተመዘገበው አገልግሎት በተግባር በእጇ አይገባም።

ተቃራኒው አሠራር በዚሁ ክልል ከዚህ ቀደም ታይቷል። በአማራ ክልል የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ሲዘጋጅ የባልና የሚስት ስምና ፎቶግራፍ በአንድነት እንዲሰፍር ተደርጓል። ይህ ቴክኖሎጂ ሳይሆን የቅጽ አዘገጃጀት ውሳኔ ነበር፤ በገጠር ሴቶች የመሬት መብት ላይ ያመጣው ለውጥ ግን ከብዙ የግንዛቤ ማስጨበጫ መድረክ ይበልጣል። የዲጂታል አሠራር ቅጽም እንዲሁ በሰው የሚወሰን ነው፤ በውሳኔው ጠረጴዛ ዙሪያ ማን እንደተቀመጠ የሚጠየቀውም ለዚህ ነው።

አንኮበር ለቴክኖሎጂ አዲስ ስፍራ አይደለችም። የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ በነበረችበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ1841 እስከ 1843 በካፒቴን ሐሪስ የተመራው የእንግሊዝ መልዕክተኛ ቡድን በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ አደባባይ የአውሮፓን መሣሪያዎች ይዞ ቀርቧል። እ.ኤ.አ. በ1879 ደግሞ ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ በምኒልክ ጥሪ እዚያው አንኮበር ደርሶ ሥራውን ጀምሯል። በነዚህ ሁሉ ታሪኮች ውስጥ መሣሪያ የሚያመጣው፣ የሚቀበለውና የሚማረው ወንድ ነው። (ሐሪስ ከሸዋ በተመለሰበት በዚያው በ1843 በለንደን የዛሬው የኮምፒዩተር ፕሮግራም ቀዳሚ ተደርጎ የሚቆጠረውን ጽሑፍ ያሳተመችው አዳ ላቭሌስ የተባለች ሴት መሆኗን በቅንፍ ማስታወስ ይቻላል።)

በአካባቢው የእጅ ጥበብ ውስጥም ተመሳሳይ የሥራ ክፍፍል ሠፍኖ ኖሯል። ከመንዝ እስከ ደብረ ብርሃን ባለው ደጋ የበግ ፀጉር አባዝቶ የሚፈትለው የሴት እጅ ነው፤ በመሸመኛው ላይ ተቀምጦ ባናውንና ዝተቱን የሚያወጣው ወንድ ነው። ለእንዝርት የሚጠፋው ጊዜ ከመሸመኛው ጊዜ አያንስም። ነገር ግን ገበያ የሚወጣው፣ ዋጋ የሚጠራበትና ባለሙያ የሚያሰኘው የመጨረሻው ምርት በመሆኑ ስሙም ገንዘቡም ከመሸመኛው ጋር ይሄዳል። በደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ፋብሪካ በንጉሡ ዘመን ሲቋቋም የሱፍ ሥራው ወደ ማሽን ተሸጋገረ፤ ሴቶች ማሽኑ ፊት ለመቆም ችለዋል፤ የማሽኑን ሆድ ከፍቶ የሚጠግነው ግን በአብዛኛው ወንድ ሆኖ ቀጥሏል። ግንቦት 2011 ዓ.ም የተመረቀው የደብረ ብርሃን ኢንዱስትሪ ፓርክም ከዚህ ልማድ ብዙም አልወጣም። በአገሪቱ የልብስ ስፌት ፋብሪካዎች አብዛኛው ሠራተኛ ወጣት ሴት ሲሆን፣ የጥገና ክፍሉና የኤሌክትሪክ ክፍሉ በወንዶች የተያዘ ነው። ሁለት ወይም ሦስት ዓመት አንድ ማሽን ላይ የሠራች ሴት የማሽኑን ድምፅ ከማንም በላይ ታውቀዋለች፤ ወደ ጥገና ክፍል የሚያሻግራት የሥልጠና መንገድ ግን አልተዘረጋላትም።

ክፍተቱ የሚጀምረው ከዚህ ሁሉ ቀድሞ ነው። በአንኮበር ወረዳ ገጠር ቀበሌዎች የምትማር ልጅ ስምንተኛ ክፍልን በቅርብ ብትጨርስም፣ ዘጠነኛ ክፍል ስትደርስ ወደ ወረዳው ከተማ ጎረቤላ ወይም ወደ ደብረ ብርሃን መውጣት ግድ የሚሆንበት አጋጣሚ ብዙ ነው። ወጣ ገባው የአንኮበር ተራራ በየዕለቱ ተመላልሰው የሚማሩበት አይደለም። በመሆኑም ተማሪዎች ከከተማ ዳር ክፍል ተከራይተው፣ የሳምንት ስንቃቸውን ተሸክመው ይከርማሉ። ወንዱ ልጅ በዚህ ኑሮ ሲቸገር ቤተሰቡ "ይበረታል" ይላል፤ ሴቷ ስትቸገር ግን ትመለስ ይባላል፤ ስጋቱም ከንቱ አይደለም፤ ብቻዋን የተከራየች ልጅ ጥቃት ሊደርስባት ይችላል። የቤተሰብ ሕጉ የጋብቻን ዕድሜ 18 ዓመት ቢያደርገውም፣ በ2016ቱ ጥናት ከ25 እስከ 49 ዓመት ዕድሜ ያላቸው ኢትዮጵያውያን ሴቶች ግማሾቹ ያገቡት 17 ዓመት ከመንፈቅ እንኳ ሳይሞላቸው ነው። ከ15 እስከ 49 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ሴቶች ማንበብና መጻፍ የሚችሉት 42 በመቶ፣ ከወንዶች 69 በመቶ የነበሩትም በተመሳሳይ ምክንያት ነው። ከስምንተኛ ክፍል በኋላ የቀረችው ልጅ ኮምፒዩተሩን ሳታየው ልትቀር ትችላለች።

ትምህርት ቤት የደረሰችውም ብትሆን መሣሪያው በቀጥታ በእጇ አይገባም። ከ1997 ዓ.ም ጀምሮ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተዘረጋው የፕላዝማ ትምህርት ብዙዎች የሚያስታውሱት ነው። ፕላዝማ ሁሉም እኩል የሚያየው፣ ማንም የማይነካው ቴክኖሎጂ ነበር። የኮምፒዩተር ክፍል ግን የተለየ ነው። አንድ ኮምፒዩተር ለአራትና ለአምስት ተማሪ ሲደርስ አንዱ ይነካል፣ ሌላው ይመለከታል። መብራት በሚመጣበትና ክፍሉ በሚከፈትበት ትርፍ ሰዓት ወንዱ ሲቀር ሴቷ ውሃ ለመቅዳትና ምግብ ለማብሰል ትሮጣለች። ከሁለት ዓመት በኋላ በፈተና የሚታየው የውጤት ልዩነት የችሎታ ልዩነት ተደርጎ ይወሰዳል፤ በእርግጥ ግን የልምምድ ሰዓት ልዩነት ነው።

በዚህ ረገድ ከሌላው ዓለም የሚገኘው ልምድ ትኩረት የሚስብ ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1984 ገደማ በመጀመሪያ ዲግሪ ከኮምፒዩተር ሳይንስ ተመራቂዎች 37 በመቶ ያህሉ ሴቶች ነበሩ። ይህ ድርሻ ሊያድግ ሲጠበቅ በቀጣዮቹ ዓመታት አሽቆልቁሎ ከ20 በመቶ በታች ወረደ። ለዚህ ከሚጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ በዚያ ዘመን የግል ኮምፒዩተር ወደ መኖሪያ ቤት መግባቱና ለወንዶች ልጆች እንደ መጫወቻ መሸጡ ነው፤ ወንዶቹ ዩኒቨርሲቲ ሲገቡ ለምደውት ገቡ፣ ሴቶቹ ከዜሮ ጀመሩ። የቴክኖሎጂው መስፋፋት በራሱ ክፍተቱን እንደማያጠብና ሊያሰፋውም እንደሚችል ከዚህ መረዳት ይቻላል።

በአገራችንም ተመሳሳይ ማስረጃ አለ፤ ይህኛው ግን ወደ መልካሙ ያጋደለ ነው። በሐረር ተወልዳ ያደገችውና ገና በልጅነቷ በሶፍትዌር ሥራ የታወቀችው ቤተልሔም ደሴ ኮምፒዩተርን የለመደችው በአባቷ የኤሌክትሮኒክስ መደብር ውስጥ ነው። በዘጠኝ ዓመቷ ለልደቷ የሚሆን ገንዘብ ለማግኘት ስትል ለደንበኞች የኮምፒዩተር ሥራ መሥራት መጀመሯን ራሷ በተለያዩ መድረኮች ተናግራለች። መሣሪያው ያለ ከልካይ በአጠገቧ ነበር።

ከፍተኛ ትምህርትን በተመለከተ መንግሥት የወሰዳቸው እርምጃዎች ቀላል አይደሉም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 35 ሴቶች ካለፈው የእኩልነት መጓደል ቅርስ የተነሳ በድጋፋዊ እርምጃዎች ተጠቃሚ የመሆን መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። በ1999 ዓ.ም የተቋቋመው የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ሥራ በጀመረ ማግስት ሥራ ላይ የዋለው የሰባ ሠላሳ የቅበላ አቅጣጫ፣ ከመቶ ሰባው ተማሪ ወደ ተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ እንዲገባ አድርጓል። በዚህም ብዙ ሴቶች ኢንጂነሪንግና ኮምፒዩተር ሳይንስ ክፍል ውስጥ ተገኝተዋል። ይሁን እንጂ ድጋፉ በር ላይ ያበቃ ነበር ማለት ይቻላል። ዝቅ ባለ የመግቢያ ነጥብ ለተቀበላት ተማሪ የማጠናከሪያ ትምህርት፣ የመለማመጃ ሰዓትና መካሪ ካልተመቻቸላት፣ በአንደኛው ዓመት መጨረሻ ውጤቱ የሚታወቅ ነው። ከዚህም የከፋው ጉዳት ልዩ ድጋፉ ራሱ የነቀፋ ምክንያት መሆኑ ነው፤ "በነጥብ ቅናሽ የገባች" የሚለው አባባል በራሷ ብርታት የገባችውንም ጭምር ይከተላታል። ሌሊት የሚከፈት የኮምፒዩተር ማዕከል ለሁሉም እኩል ክፍት ነው ይባላል፤ በደብረ ብርሃን ብርድ፣ ጨለማ በሆነ የግቢ መንገድ ወደ መኝታ ክፍል መመለስ ግን ለሁሉም እኩል አይደለም። ይህን ለማስተካከል ጥቂት የመንገድ መብራቶች ከብዙ ዐውደ ጥናቶች የተሻለ ሥራ ይሠራሉ።

ከ2014 ዓ.ም ወዲህ ደግሞ ሁኔታው ተለውጧል። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች መሰጠት ከጀመረ በኋላ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች በ2014 ዓ.ም 3 ነጥብ 3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም 3 ነጥብ 2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም 5 ነጥብ 4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም 8 ነጥብ 4 በመቶ ነበሩ። በር በጠበበ ቁጥር ከኋላ የተነሳው ይበልጥ ይቀራል። በዚህ ላይ ከ2015 ዓ.ም መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ በተከሰተው የጸጥታ ችግር ትምህርት ቤቶች ተዘግተው በሚሊዮን የሚቆጠሩ ተማሪዎች ከትምህርት ገበታ ርቀዋል፤ የተንቀሳቃሽ ስልክ ኢንተርኔትም ለወራት ተቋርጦ ቆይቷል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም ይፋ የተደረገው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ኢኒሼቲቭ በኢንተርኔት በነፃ የሚሰጥ ሥልጠና በመሆኑ ርቀትን ያጠባል የሚል ተስፋ ተጥሎበታል፤ ተስፋው ግን መስመር፣ መሣሪያና ትርፍ ሰዓት ላላት ሴት ነው። በአንድ ወረዳ ስንት ሰው ሠለጠነ ከሚለው ይልቅ ስንት ሴቶች ጀምረው ስንቱ ጨረሱ፣ ያቋረጡትስ በስንተኛው ትምህርት ላይ አቋረጡ የሚለው ጥያቄ ለኃላፊዎች የተሻለ መረጃ ይሰጣል።

የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችን በቀጥታ የሚመለከተው ጉዳይ ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው፤ ብዙም ሲነገርለት አይሰማም። በመሥሪያ ቤቶች ኮምፒዩተር መግባት በጀመረበት ጊዜ የመጀመሪያው ኮምፒዩተር የተቀመጠው በኃላፊው ጠረጴዛ ላይ አልነበረም፤ በጸሐፊዋ ጠረጴዛ ላይ ነበር። ከጽሕፈት መኪና ወደ ኮምፒዩተር የተሸጋገረችው፣ ፓወር ግዕዝን ለምዳ ደብዳቤውን፣ ሪፖርቱንና ሠንጠረዡን የምታዘጋጀው፣ ፍሎፒው ሲበላሽና ቫይረስ ሲገባ መላ የምትፈልገው እርሷ ነበረች። ኃላፊው "አንቺ ታውቂበት የለም?" ብሎ ፋይል የሚያስፈልገው ከእርሷ ዘንድ ነበር። በዚያን ጊዜ ኮምፒዩተር ማወቅ የጽሕፈት ሥራ አንድ አካል እንጂ ሙያ ተብሎ አልተቆጠረም። ቆይቶ መሥሪያ ቤቶች በወረዳ ኔት ሲተሳሰሩና የኢንፎርሜሽን ኮሙኒኬሽን ቴክኖሎጂ የሥራ ሂደት ራሱን ችሎ ሲደራጅ ሥራው ደረጃ፣ ደመወዝና የሥልጠና በጀት አገኘ። መደቡም ዲግሪ ጠየቀ። ያኔ ጸሐፊዋ ከነልምዷ በነበረችበት ቀረች፤ አዲሱን ወንበር የያዘው በአብዛኛው ከዩኒቨርሲቲ የመጣ ወንድ ሆነ።

ነገሩ የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1946 ይፋ የሆነውን ኤኒያክ የተባለውን የአሜሪካ ኮምፒዩተር ፕሮግራም ያደረጉት ስድስት ሴቶች ነበሩ፤ በወቅቱ ሥራው የስሌት ጸሐፊነት ተደርጎ ስለታየ ለሴቶች ተሰጠ፤ ክብርና ገንዘብ ሲያገኝ የወንዶች ሆነ። መንዝ ላይ በእንዝርትና በመሸመኛ መካከል ያለው ልዩነት ፔንሲልቫኒያም ውስጥ፣ በወረዳ ጽሕፈት ቤትም ውስጥ ታይቷል።

የሕግ ማዕቀፉ ይህን ለማረም ቦታ ሰጥቷል። የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 515/1999 በቅጥርና በዕድገት ውድድር እኩል ወይም ተቀራራቢ ነጥብ ላመጡ ሴት ተወዳዳሪዎች ቅድሚያ እንዲሰጥ ደንግጎ ነበር፤ የተካው አዋጅ ቁጥር 1064/2010ም ድጋፉን አስቀጥሎ ነበር፤ ለሠራተኞች ሕፃናት ማቆያ እንዲኖርም አድርጎ ነበር። የድጋፉ ድክመት ሥራ ላይ የሚውለው ሴቷ ተወዳዳሪ ሆና ከቀረበች ብቻ መሆኑ ነው። የቴክኖሎጂ መደብ ማስታወቂያ ሲወጣ "ሁለት ዓመት ቀጥተኛ አግባብነት ያለው የሥራ ልምድ" ይላል፤ የኮምፒዩተር ሥራዋ በጸሐፊነት መዝገብ የተቆጠረባት ሠራተኛ ቀጥተኛ አግባብነት የላትም ትባላለች። በርቀትና በማታ ትምህርት በኮምፒዩተር ሳይንስ ዲግሪ ይዛ የመጣችው ሳትቀር በዚህ አንቀጽ ላይ ትወድቃለች። ልምድን በመደቡ መጠሪያ ሳይሆን በተሠራው ሥራ መመዘን የሰው ሀብት ኃላፊዎች ሊወስኑት የሚችሉት ጉዳይ ነው፤ ተጨማሪ በጀት አይጠይቅም።

ሥልጠናም ከዚህ የራቀ አይደለም። ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ አዲስ አበባ ለአሥር ቀን የሚያስኬድ የኔትወርክ ሥልጠና ሲመጣ የሚላከው ሰው ይመረጣል። "እርሷ ልጅ አላት፣ አትችልም" ተብሎ እርሷ ሳትጠየቅ የሚታለፈው ብዙ ጊዜ በቅን ልቦና ነው። ነገር ግን ሥልጠናው የምስክር ወረቀት አለው፤ የምስክር ወረቀቱ በቀጣዩ የዕድገት ውድድር ነጥብ አለው። በአሳቢነት የተወሰደው እርምጃ ከሦስት ዓመት በኋላ የደረጃ ልዩነት ሆኖ ይወጣል።

በከፍተኛው እርከን የሚታዩ ስኬቶች አሉ። በ2010 ዓ.ም ወይዘሪት ፍሬሕይወት ታምሩ የኢትዮ ቴሌኮም ዋና ሥራ አስፈጻሚ ሆነው ተሹመዋል። እ.ኤ.አ. በ2010 ካፒቴን አምሳለ ጓሉ የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያዋ ሴት ካፒቴን ሆነዋል፤ በ2015 ደግሞ አየር መንገዱ ሙሉ በሙሉ በሴቶች የተመራ በረራ ወደ ባንኮክ አድርጓል። ከፍኖተ ሰላም የተነሱት ዶክተር ሰገነት ቀለሙ በዓለም አቀፍ ሳይንስ የታወቁ ናቸው። እነዚህ ስሞች በማርች 8 በዓል ሁሉ ይነሳሉ፤ መነሳታቸውም ተገቢ ነው። ነገር ግን አየር መንገዱ ሴት አብራሪዎችን ያፈራው በማሠልጠኛው ሴቶችን ተቀብሎ፣ በረዳትነት አብርረው፣ ሰዓታቸው ተቆጥሮ ነው። ሰዓታቸው የሚቆጠርበት መዝገብ ባይኖር ኖሮ በ2015 የሚበር ሙሉ ቡድን ባልተገኘ ነበር።

በወረዳ ደረጃ የዚህ ዓይነት መዝገብ እስካሁን አልተለመደም። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሩብ ዓመት ሪፖርት ቅጽ "ወንድ፣ ሴት፣ ድምር" የሚሉ ሦስት ዓምዶች አሉት፤ በስብሰባ የተገኘውና ግንዛቤ የተፈጠረለት ሁሉ በእነዚህ ዓምዶች ይሰፍራል። የኔትወርክ ክፍሉ ቁልፍ በማን እጅ እንደሆነ፣ የሥርዓቱን የይለፍ ቃል ማን እንደያዘ፣ ባለፈው ዓመት ለቴክኒክ ሥልጠና ከተላኩት ሰዎች ስንቱ ሴት እንደነበሩና ከተመለሱ በኋላ በምን መደብ ላይ እንደተመደቡ የሚጠይቅ ዓምድ ግን ቅጹ ላይ የለም።